ፒንግ ይመለሳል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ፋይሉ ግን አይሄድም፤ ፓኬቱ የት ቀረ?

መምህር ዘደሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በቤተ ሙከራችን በሊኑክስ የሚሠሩ 22 ኮምፒውተሮች፣ አንድ ስዊችና አንድ የብሮድባንድ መስመር አሉን። ክረምት ላይ ራውተራችን፣ ኮምፒውተሮቹን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ፣ በመብረቅ ተቃጠለ። ሌላ እስኪገዛ ልጆቹ ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ብዬ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር የራውተሩን ሥራ እንዲሠራ አደረግሁት። መስመሩ የሚከፈተው በፒፒፒኦኢ ነው፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አስገብቶ ይገናኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ፒንግ፣ ማለትም መስመሩን ለመፈተሽ የሚላከውን አጭር መልእክት፣ ስሞክር መልሱ ወዲያው ይመጣል። አብዛኛው ድረ ገጽ ይከፈታል፤ ጥቂቶቹ ግን እየተጫኑ ነው እያሉ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። የባሰው ፋይል መላክ ነው። የተማሪዎችን ውጤት የያዘ 300 ኪሎባይት ፋይል ከኢሜይል ጋር አያይዤ ስልከው ትንሽ ይራመድና ቀጥ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ብጠብቅም አይነቃነቅም። ያንኑ ፋይል በስልኬ ዳታ ስልከው በሴኮንዶች ውስጥ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ታገልሁት። ገመዶቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ። ምን ላይ ልፈልግ?

ቀስተ ደመና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

መምህር፣ እኔ ቤት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ዲኤንኤሱን ወደ 8.8.8.8 ስቀይረው ተስተካክሎልኛል። መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ። ካልሆነ መስመሩ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ፍጥነቱን ቢያሳድጉት ይሻላል።

ባለገመዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ቀስተ ደመና፣ ለመርዳት መነሣትህ መልካም ነው፤ ይህ በሽታ ግን የዲኤንኤስ አይደለም። ዲኤንኤስ የድረ ገጹን ስም ተቀብሎ የአድራሻ ቁጥሩን ይነግርሃል፤ ሥራውም ግንኙነቱ ሳይጀመር ያልቃል። መምህሩ ኢሜይላቸው ውስጥ ገብተው፣ ፋይሉ መሄድ ከጀመረ በኋላ የቆመ ነገር አድራሻ ጠፍቶበት አይደለም። ፍጥነት መግዛትም ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ደካማ መስመር ያዘገያል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገትርም።

መምህር፣ ትንሹ እያለፈ ትልቁ የሚቀር ከሆነ እኔ የምጠረጥረው የፓኬቱን፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ የሚሄድበትን የእያንዳንዱን ቁራጭ፣ መጠን ነው። እባክዎ ከአንዱ የተማሪ ኮምፒውተር ፒንግ ሲልኩ ‹አትከፋፍል› የሚለውን ምልክት ያብሩና የመረጃውን መጠን 1472 ባይት ያድርጉት። ከዚያ በ1464 ይድገሙት። በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቃል በቃል ይጻፉልን፤ ምንም ካልወጣም ምንም አልወጣም ይበሉን። ዝምታው ራሱ ይነግረናል።

እንጆሪ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

እኔ የመምህር ተማሪ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። ይህን ክር አሳይተውን ነው የተመዘገብሁት። በክፍል የፓኬትን ትርጉም ጽፈናል፤ ግን እስካሁን በዓይነ ሕሊናዬ ላየው አልቻልሁም። አሜሪካ ላለችው አክስቴ ‹ሰላም› ብዬ ብልክ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? መንገዱንስ ማን ያሳየዋል? ደግሞ 22 ኮምፒውተሮች በአንድ መስመር ወጥተው፣ የእኔ መልስ ለጎረቤቴ ሳይሆን ለእኔ የሚመጣው እንዴት ነው?

ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

እንጆሪ እህቴ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ አሽበርን በሚባለው ከተማ በአንድ የመረጃ ማዕከል በኔትወርክ ሥራ ላይ ነኝ። የአክስትሽ መልእክት እኔ በምሠራበት ሕንፃ አጠገብ ያልፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄሽን በደስታ ነው የምመልሰው።

ከፊደሉ እንጀምር። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ሥርዓት) ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ‹ሰላም› 9 ባይት ነው። ይህን 9 ባይት ቲሲፒ የሚባለው የመላኪያ ደንብ ይቀበልና ቢያንስ 20 ባይት በሚሆን ፖስታ ውስጥ ያስገባዋል። በፖስታው ላይ ከየትኛው ፖርት (በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የመተግበሪያ በር ቁጥር) ወደ የትኛው ፖርት እንደሚሄድና በጠቅላላው ንግግር ውስጥ ስንተኛው ባይት እንደሆነ ይጻፋል። ያንን ፖስታ አይፒ የሚባለው የአድራሻ ደንብ ተቀብሎ በሌላ 20 ባይት ፖስታ ይጠቀልለዋል፤ በዚህኛው ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለ። በመጨረሻ የኔትወርክ ካርዱ እስከሚቀጥለው መሣሪያ ድረስ ብቻ የሚያገለግል የኢተርኔት ፖስታ ያለብሰዋል። ፖስታው ከደብዳቤው በብዙ ይከብዳል። በእውነተኛ መተግበሪያ ስትልኪ ደግሞ ምስጠራው ስለሚጨመርበት ከዚህም ይረዝማል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሙሉውን የሚያውቅ ራውተር የለም። ደሴ መናኸሪያ ገብተሽ ‹ጅማ› ብትዪ የሚያሳዩሽ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ነው፤ የጅማውን አዲስ አበባ ስትደርሺ ትጠይቂያለሽ። ራውተርም የሚያውቀው ቀጣዩን መናኸሪያ ብቻ ነው። አድራሻውን ያነባል፣ ሠንጠረዡን ያያል፣ ያሳልፋል፣ ይረሳል። በአይፒው ፖስታ ላይ ብዙ ጊዜ ከ64 የሚጀምር ቁጥር አለ፤ በየራውተሩ አንድ አንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲሆን ፓኬቱ ይጣላል። መንገድ ተሳስቶ ክብ የሚዞር ፓኬት መረቡን እንዳያጨናንቅ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን በጣም ወድጄዋለሁ፤ መልሱ እኛ አገር ካደገ ሰው የተሰወረ አይደለም። ትምህርት ቤትሽ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለው እንበል። ለተማሪዎች የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ ወደዚያ ቁጥር ይመጣል፤ ደብዳቤ አምጪው ከፍቶ፣ ስም አንብቦ ለየባለቤቱ ያድላል። ራውተራችሁም እንዲሁ ነው። በውስጥ በ192.168 የሚጀምሩ 22 አድራሻዎች አሉ፤ ወደ ውጭ የሚታየው ግን አንድ አድራሻ ነው። ፓኬትሽ ሲወጣ ራውተሩ በመዝገቡ ላይ ‹ይህ ፖርት የእንጆሪ ነው› ብሎ ይጽፋል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ይሰጥሻል። ይህ ዘዴ የተስፋፋው ቁጥር ስላነሰ ነው። የአይፒ አራተኛው ስሪት አድራሻ 32 ቢት ስለሆነ ከ4,294,967,296 በላይ ሊኖር አይችልም፤ እሱም ከዓለም ሕዝብ ያንሳል።

እንጆሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

አመሰግናለሁ። አሁን ፖስታው ታየኝ። ግን ራውተሩ ‹ያሳልፋል፣ ይረሳል› ካሉ፣ ፓኬቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ለላኪው ማን ይነግረዋል? መልስ እስኪመጣ ድረስ ሳያቋርጥ ደጋግሞ ቢልክስ?

ማዶ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

ብዙውን ጊዜ ፓኬቱ መጥፋቱን የሚነግረው የለም፤ ራሱ ማወቅ አለበት። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት የቲሲፒ ንድፍ ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው። መሐል ያለው መረብ ለማድረስ ይሞክራል እንጂ ቃል አይገባም፤ ጠፍቷል አልጠፋም ብሎ የሚቆጣጠረው ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ናቸው። ስለዚህ ነው ሳተላይትም ይሁን ፋይበር፣ የስልክ መስመርም ይሁን ሬዲዮ፣ ሁሉም በአንድ መረብ ውስጥ የገባው። ከመሐሉ የተጠየቀው ትንሽ ነገር ብቻ ነውና።

መስመር የሚቆራረጥበት ስልክ ላይ እንዴት እንደምናወራ አስታውሺ። ‹ሃሎ፣ ይሰማል?› ‹ይሰማል፤ የእኔስ ይሰማል?› ‹አዎ ይሰማል።› ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው። ቲሲፒም በእነዚህ ሦስት ፓኬቶች ይጀምራል። ቀጥሎም ተቀባዩ ‹እስከዚህ ባይት ድረስ ደርሶኛል› እያለ ይመልሳል። መልሱ በጊዜው ካልመጣ ላኪው እንደጠፋ ቆጥሮ ይደግማል።

‹ሳያቋርጥ ቢልክስ› ያልሽው ግን በታሪክ ተሞክሯል ማለት ይቻላል፤ ውጤቱም አስደንጋጭ ነበር። በ1986 በጥቅምት ወር (እ.ኤ.አ.) ከሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው መስመር በሴኮንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ርቀቱ 400 ያርድ ያህል ብቻ ነው፤ በእግር የሚደረስበት ነው። በ40 ቢት የአንቺ ‹ሰላም› ብቻውን ወደ ሁለት ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ገመዱ አልተበላሸም። መረቡ ሲጨናነቅ ኮምፒውተሮቹ መልስ ዘገየብን ብለው ያንኑ ፓኬት ደግመው ይለቃሉ፤ ድጋሚው መጨናነቁን ያብሰዋል፤ መጨናነቁ ሌላ ድጋሚ ይወልዳል። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ቫን ጃኮብሰንና ማይክ ካረልስ ያገኙት መፍትሔ ጠባይ ማስተማር ነበር፦ በጥቂት ጀምር፤ መልስ ሲመጣ ጨምር፤ ፓኬት ከጠፋ ቀንስ፤ ሁለተኛ ከመላክህም በፊት ቆየት በል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ ይህን ትዕግሥት ይጠብቃሉ። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር የሰማሁት ታሪክ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ደርብ በደርብ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡45

ማዶ ግሩም አድርገው አስረድተዋል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ተማሪዋ ለፈተና የምትዘጋጀው የኔትወርክን ሥራ በሰባት ደርብ ከፍሎ በሚያሳየው የኦኤስአይ ሞዴል ነው። ‹ፖስታ በፖስታ› እያልን ደርቦቹን ሳንጠራ ብናልፋቸው ፈተና ላይ ትቸገራለች። እኔ ለዓመታት ያስተማርሁት ከአካላዊው ደርብ ተነሥቼ እስከ መተግበሪያው በቅደም ተከተል ነው።

ባለገመዱ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ደርብ በደርብ፣ ለፈተናው ይወቁት፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ሰባቱን ደርብ በቃል ሸምድደው አንድ ጊዜም ፓኬት ሳያዩ የተመረቁ ልጆች ሥራ ቦታ መጥተውብኝ አዝኛለሁ። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ወደ ቲሲፒ/አይፒ የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። የኦኤስአይ ሞዴል መስፈርት ሆኖ የወጣው በማግስቱ ዓመት በ1984 ነው። ሥራው ቀድሞ፣ ሥዕሉ ኋላ መጣ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፖስታዎቹን አስቆጥሬ፣ ስሙን በኋላ አስጠናለሁ።

መምህር ዘደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

በሁለታችሁም ክርክር ተጠቅሜያለሁ፤ በሚቀጥለው መንፈቅ ሁለቱንም መንገድ አጣምሬ እሞክራለሁ።

ባለገመዱ ያዘዙኝን ዛሬ ከተማሪዎቹ ጋር ሠራነው። በ1464 አሥር ጊዜ ላክን፤ አሥሩም ተመለሰ። በ1472 አሥር ጊዜ ላክን፤ አንድም አልተመለሰም። ስክሪኑ ላይ ምንም አልወጣም፣ የስሕተት መልእክትም የለም። ዝም። እንጆሪ መሐሉን እንፈልግ ብላ በአንድ በአንድ ስትጨምር 1465 ላይ ዝም አለ።

ባለገመዱ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ተገኘ። እንጆሪ፣ መሐሉን መፈለግሽ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1464 ላይ የፒንጉ 8 እና የአይፒው 20 ባይት ሲደመር 1492 ይሆናል። ኢተርኔት በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 1500 ባይት ነው። ፒፒፒኦኢ ግን የራሱን 8 ባይት ስለሚጨምር ለእናንተ የሚተርፋችሁ 1492 ብቻ ነው። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች የሚያዩት ኢተርኔቱን ስለሆነ 1500 ሞልተው ይልካሉ፤ ራውተሩ ጋ ሲደርስ በሩ በ8 ባይት ይጠብበዋል። አጭር ነገር ይህ አይነካውም። የፋይሉ ፓኬቶች ግን ሙሉ ሙሉ ናቸው፤ የሚቀሩትም እነሱ ናቸው።

በሩ መጥበቡ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም። ራውተሩ ሊያሳልፈው ያልቻለውን ፓኬት ሲጥል ለላኪው በአይሲኤምፒ (መረቡ ችግር ሲገጥመው በሚናገርበት መልእክት) ‹ይህ ለመንገዱ ይበዛል፤ 1492 አድርገው› ብሎ መላክ አለበት። ላኪውም ያሳንሳል፤ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል። የእናንተ ራውተር ይህን መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። መምህር፣ ፋየርዎሉ (የትኛው ፓኬት እንደሚያልፍ የሚወስነው ጠባቂ) ላይ አይሲኤምፒን የሚመለከት ሕግ አለ?

መምህር ዘደሴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

አለ። ራውተሩን ስሠራ ለደኅንነት ይበጃል የሚል ምክር አንብቤ፣ ፒንግና የፒንግ መልስ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አይሲኤምፒ በሙሉ ዘግቻለሁ፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገመድ ስፈትሽ መልእክተኛውን ያሰርሁት እኔው ነበርሁ። ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ።

ባለገመዱ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

መምህር፣ እንዲህ ዓይነት ምክር ብዙ ቦታ ተጽፎ ስለሚገኝ የእርስዎ ጥፋት አድርገው አይውሰዱት። ይህን ሕግ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም አግኝቼዋለሁ። በጣም የሚያናድደኝም ለዚህ ነው፦ አይሲኤምፒ የመረቡ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ‹መድረሻው አይገኝም›፣ ‹ፓኬቱ ይበዛል› የሚሉት ሁሉ በእሱ ነው የሚመጡት። ደወሉን ቆርጦ ቤቱን ጠበቅሁ ማለት ልክ አይደለም። ‹ፓኬቱ ይበዛል› የሚለውን መልእክት በየትኛውም ፋየርዎል ላይ አትዝጉ።

መምህር ዘደሴ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡15

ጠዋት ሕጉን አነሣሁት። ፋይሉ በስድስት ሴኮንድ ሄደ። በ1472 የሚላከው ፒንግም አሁን ዝም አይልም፤ ከፍተኛው 1492 ነው የሚል መልእክት ይመልሳል። ልጆቹ አጨበጨቡ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ነጭ ሆነው ይቀሩ ከነበሩት ድረ ገጾች ሦስቱ አሁንም አልተከፈቱም።

ማዶ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡00

ይህ የሚጠበቅ ነው። የፋይሉ ጉዳይ ከእናንተ ወደ ውጭ የሚሄድ ነበር፤ ደወሉም በእጃችሁ ስለሆነ ከፈታችሁት። ገጽ ሲከፈት ግን ትልቁ ፓኬት የሚመጣው ከወዲያ ነው። የድረ ገጹ ሰርቨር 1500 ሞልቶ ይልካል፤ የእናንተ መስመር ከሚጀምርበት ዳር ሲደርስ ይጠብበዋል፤ ‹ይበዛል› የሚለው መልእክት ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል። በሦስቱ ድረ ገጾች ደጅ ላይ እንደ እርስዎ ያለ ሕግ የጻፈ ሌላ ሰው አለ፤ መልእክቱ ከበሩ ይመለሳል። የሰውየውን ፋየርዎል ከደሴ ሊከፍቱት አይችሉም።

ነገር ግን መጀመሪያውኑ ትልቅ እንዳይላክላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለእንጆሪ ‹ሃሎ፣ ይሰማል?› ያልኋት ሰላምታ ላይ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ‹በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ብቻ ላክልኝ› ይባባላሉ፤ ኤምኤስኤስ ይባላል። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች የሚሉት 1460 ነው፤ ይኸውም 1500 ሲቀነስ ሁለቱ የ20 ባይት ፖስታዎች። ራውተሩ ሰላምታው ሲያልፍ ይህን ቁጥር ወደ 1452 እንዲያርመው ማዘዝ ይቻላል። በሊኑክስ ፋየርዎል ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ አንድ መስመር ሕግ አለ፤ ኤምኤስኤሱን ከመንገዱ መጠን ጋር እንዲያስተካክል የሚያደርገው ነው። የተቃጠለው ራውተራችሁ ሳይነግራችሁ ይህን ያደርግ እንደነበር እገምታለሁ። በመደብር የሚሸጡት አብዛኞቹ ያደርጉታል።

መምህር ዘደሴ | ዓርብ፣ ከቀኑ 4፡20

ሦስቱም ተከፈቱ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ሕጎች በወረቀት ጽፌ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደተጻፈ ከጎኑ አስፍሬ፣ ከራውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ መምህር ሦስት ሳምንት እንዳይፈልግ ነው።

እንጆሪ | ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡50

ዛሬ ከሰዓት መምህር በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለ ምስጠራ ‹ሰላም› የሚል ቃል አስልከውን፣ ፓኬት ይዞ በሚያሳየው በዋየርሻርክ ፕሮግራም ያዝነው። 75 ባይት ነው። ኢተርኔት 14፣ አይፒ 20፣ የእኛ 9። ቲሲፒው 20 ይሆናል ብዬ ስጠብቅ 32 ሆነብኝ። 12 ባይቱ ከየት መጣ?

ደግሞ የፊደሎቹን ቁጥር ጻፍሁት። ሰ 225 136 176 ነው። ላ 225 136 139 ነው። ም 225 136 157 ነው። ሁሉም ለምን በ225 136 ይጀምራሉ?

ማዶ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡35

12ቱ ባይት የጊዜ ማኅተም ነው። 10 ባይት ማኅተሙ፣ 2 ባይት ማስተካከያ ነው። መልስ ለመምጣት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ቲሲፒ የሚለካበት ነው፤ ከመድገሙ በፊት ምን ያህል መታገሥ እንዳለበትም በዚህ ልክ ይወስናል።

225 136 የሚደጋገመው ሦስቱ ፊደላት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ነው። እስኪ አሁን ‹ቤት› ብለሽ ላኪና መሐለኛውን ቁጥር ተመልከቺ።

እንጆሪ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ቤ 225 137 164። ት 225 137 181። መሐለኛው በአንድ ጨመረ! ሰኞ ፊደል ገበታውን በሙሉ ልልከው ነው።